ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጦርነቱም አብሮ እንዳይገባ

ወላጆች፣ መምህራን፣ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ይህ ጽሑፍ ማንቂያ ነው። ጦርነት ከዘጋቸው ትምህርት ቤቶቻችን የተወሰኑት ተከፍተዋል፣ ሌሎቹ ለመከፈት ተራ እየጠበቁ ነው፣ ብዙዎቹ ዛሬም እንደተዘጉ ናቸው። በተከፈቱበት ቦታ ቆርቆሮ ይመታል፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ዴስክ ይታደላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ሥራችን እዚህ ላይ ካበቃ ግን የከፈትነው በር ልጆቻችንን ወደሚቀጥለው ጦርነት የሚያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ከእኛ በፊት ከጦርነት የወጡ አገሮች በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ለጊዜው ነው» ብለው ያለፉትን ነገር ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይተውም ሊያስተካክሉት አልቻሉም። እኛ ደግሞ አሁን ያለነው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ውስጥ ነው።

የባከኑት ዓመታት

በትግራይ የትምህርት ቤት ደጅ የተዘጋው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዘጋው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደግሞ እንደተዘጋ አስቀረው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞም ትምህርት በስፋት እስኪጀመር ወራት አልፈዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል መግባት የነበረበት የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ለመቁጠር ሲቀመጥ አሥር ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ኮሮና ትምህርት ሲያቋርጥ አሥራ አራት ዓመቱ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አሥራ ሰባት ሞልቶታል። ያ ልጅ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ጥይት፣ ረኃብና ቀብር አይቷል፤ ከእኩዮቹም ጠመንጃ ያነሡ አሉ። ትምህርት ሲጀመር ከትናንሽ ልጆች ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠህ ተማር ሲባል ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

በአማራ ክልል በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በወሎ፣ በሰሜን ሸዋና በሰሜን ጎንደር በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። እነርሱን የመጠገኑ ሥራ ሳያልቅ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ግጭት መጣ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው መረጃ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ ከ9 ሚሊዮን አልፏል። በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በኦሮሚያ ግጭት በታየባቸው አካባቢዎችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ትምህርት ቤት አልሆኑም። በመቀሌ፣ በሽሬ፣ በአክሱምና በአድዋ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ለዓመታት የኖሩት በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ምድጃ ተተክሏል። እናቲቱ መሄጃ ስለሌላት አትወጣም፤ የሰፈሩ ልጅ መማሪያ ስለሌለው ይቀመጣል። ሁለቱም ተበዳዮች ሆነው ሳለ አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት እንዲያይ የሚያደርግ ሁኔታ ተፈጥሯል። ሰላም በተፈረመ ማግስት አዲስ ቂም የሚበቅለው እንዲህ ነው።

ትምህርት ቤት ያስታርቃል፣ ያጋድላልም

ትምህርት ሁልጊዜ መልካም ነው ብለን ያደግን ሕዝብ ነን፤ «የተማረ ይግደለኝ» እስከማለት ደርሰናል። ኬኔት ቡሽና ዲያና ሳልታሬሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጥናት ግን ትምህርት በብሔር ግጭት ውስጥ ሁለት ፊት እንዳለው አሳይተዋል። መጽሐፉ ለሁሉም ሲናገር፣ ዕድሉ ለሁሉም ሲደርስ፣ ልጆች አብረው ሲያድጉ ትምህርት ያቀራርባል። መጽሐፉ አንዱን ወገን ጀግና ሌላውን መጤ ሲያደርግ፣ ዕድሉ በወገን ሲታደል፣ ልጆች ተለያይተው ሲማሩ ደግሞ ያው ትምህርት ቤት የጦርነት መሣሪያ ይሆናል።

ሩዋንዳን እንይ። ከ1994 እ.ኤ.አ. የዘር ማጥፋት በፊት በነበሩት ዓመታት መምህሩ ክፍል ገብቶ ሁቱ የሆናችሁ ተነሡ፣ ቱትሲ የሆናችሁ ተነሡ የሚልበት አሠራር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያው በኮታ ነበር። የታሪክ ትምህርቱ ቱትሲዎችን ከውጭ መጥተው አገር የቀሙ ወራሪዎች አድርጎ ያስተምር ነበር። ያ ሁሉ ዘር ማጥፋቱን ብቻውን አላመጣውም፤ ጎረቤቱን እንደ ባዕድ ለማየት የተዘጋጀ አእምሮ ግን በጠመኔ ነው የተሠራው። ጭፍጨፋው ሲጀመርም ተማሪዎቻቸውን አሳልፈው የሰጡ፣ አልፎም የገደሉ መምህራን ነበሩ። የተማረ ሰው በእርግጥ ገደለ።

በዚያችው አገር ተቃራኒውም ታይቷል። በመጋቢት 1997 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች ኒያንጌ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎቹን ሁቱና ቱትሲ ሆናችሁ ተለያዩ አሏቸው። ተማሪዎቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው እምቢ አሉ። ታጣቂዎቹ ተኮሱባቸው፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ከጭፍጨፋው ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር፤ ከተማሪዎቹ መካከልም ቤተሰቡ ያለቀበት ልጅ ከገዳይ ወገን ከሚቆጠር ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር። አብሮ መቀመጥና አብሮ መኖር ልጆችን ምን ያህል ሊያጸና እንደሚችል ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

ሩዋንዳ በሌላ በኩል ልንማርበት የሚገባ ችግርም ገጥሟታል። ከጭፍጨፋው በኋላ የአገሪቱ ታሪክ በትምህርት ቤት እንዳይሰጥ ታገደ፤ በምን መልኩ እንደሚሰጥ እስኪወሰን ዓመታት ፈጀ። የታሪክ መምህሩ ዝም ሲል ግን ልጁ ታሪክ መማሩን አላቆመም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ታሪክ፣ የራሱን ሟች፣ የራሱን ጠላት እየነገረ አሳደገ። በትምህርት ቤት ዝምታ ማለት ትምህርቱን ለጓዳ ማስረከብ ነው።

«ለጊዜው» የተባለው ሲቀር

ይበልጥ ሊያስደነግጠን የሚገባው ግን የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ታሪክ ነው፤ እኛ አሁን ከምናደርገው ጋር እጅግ ይመሳሰላልና።

የቦስኒያ ጦርነት በ1995 እ.ኤ.አ. በዴይተን ስምምነት ቆመ። ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው መመለስ ሲጀምሩ ልጆቻቸው የት ይማሩ የሚል ጥያቄ መጣ። የቦስኒያክ ብሔር ወላጅ ልጁን በክሮአት ብሔር ሥርዓተ ትምህርት ማስተማር አልፈለገም፤ ክሮአቱም እንዲሁ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በአንድ ሕንፃ ሁለት ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ሁለት ርዕሰ መምህር፣ ሁለት የመምህራን ቡድን፣ ሁለት የታሪክ መጽሐፍ፤ አንዳንድ ቦታ ልጆቹ በተለያየ በር ይገባሉ ወይም በተለያየ ፈረቃ ይማራሉ። ይህ መሸጋገሪያ እንጂ ዘላቂ አይደለም ተብሎ ነበር፤ ልጆቹ ቢያንስ አንድ ግቢ ገብተዋል፣ ቀስ በቀስ ይቀላቀላሉ ተብሎ ታሰበ።

አልተቀላቀሉም። የአውሮፓ የደኅንነትና የትብብር ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዚህ መልክ የሚሠሩ 56 ትምህርት ቤቶች በ28 ሕንፃዎች ውስጥ ነበሩ። የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ፌዴሬሽን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩ አድልዎ ነው ብሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ቢወስንም የተለወጠው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሁለት የተከፈለ ትምህርት ቤት ሁለት የሥልጣን ወንበር፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት የመጽሐፍ አሳታሚ ይፈጥራል። ከመለያየቱ እንጀራ የሚበላ ሰው ከበዛ በኋላ መለያየቱን ማስቆም የሚፈልግ ይጠፋል። ጦርነቱን ያላዩ ልጆች ጦርነቱ በሠራው አጥር ውስጥ አድገው ራሳቸው ወላጆች ሆነዋል።

አጥሩን ለማስቆም የተነሡት አዋቂዎች አልነበሩም፤ ተማሪዎች ነበሩ። በያይጼ ከተማ አብረው ይማሩ የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በብሔር የተለየ አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ሲባል በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. አደባባይ ወጡ፤ ዕቅዱም እንዲቆም አደረጉ። አብሮ የተማረ ልጅ ሊለያዩት ሲመጡ ይታወቀዋል። ተለያይቶ ያደገ ልጅ ግን የሚያጣው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም።

የዘገየችው ቦስኒያ ብቻ አይደለችም። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ልጆችን በአንድነት የሚያስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ላጋን ኮሌጅ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በ28 ተማሪዎች ተከፈተ፤ የመሠረቱት መንግሥት ሲዘገይ መታገሥ ያልቻሉ ወላጆች ናቸው። የ1998 እ.ኤ.አ. የሰላም ስምምነትም እንዲህ ያለው ትምህርት እንዲስፋፋ ቃል ገባ። ከዚያ በኋላ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አልፎ እንኳ በእንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚማረው ልጅ ከአሥር አንድ አይሞላም። በሊባኖስ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱን የቋጨው የ1989 እ.ኤ.አ. የጣይፍ ስምምነት ለመላው አገር አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይዘጋጅ አለ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ተማሪ እጅ አልገባም። የሊባኖስ ልጅ በትምህርት ቤት የሚማረው የአገሩ ታሪክ ነፃነት በተገኘበት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ ይቆማል፤ ወላጆቹን ያደቀቀውን ጦርነት የሚሰማው ከሰፈሩና ከፓርቲው ነው።

ሦስቱም አገሮች የሰላም ስምምነት ነበራቸው፣ ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል፣ ባለሙያ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ነገሩ ገና እርጥብ ሳለ መቅረጽ ነው። ጦርነት ቆሞ ሕዝብ ደክሞ፣ ሁሉም «ልጆቼ ብቻ ይማሩልኝ» በሚልበት ሰዓት ያልተሠራው፣ ፖለቲከኛው ተደራጅቶ ከተቀመጠ በኋላ አይሠራም።

በእኛም ቤት ተጀምሯል

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደራሳችን ይመለስ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለረጅም ጊዜ የጎጃሙ ልጅ ከወለጋው፣ የአድግራቱ ከአርባ ምንጩ ጋር በአንድ ዶርም የሚተኛባቸው ቦታዎች ነበሩ። ወጣቶቻችን ከሌላ ክልል ልጅ ጋር የሚተዋወቁበት እንዲህ ያለ ሰፊ ዕድል ሌላ አልነበረንም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። በኅዳር ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ የሌላ ክልል ተማሪዎች በአፋር በኩል ወጡ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ በላይ ተሳፋሪዎች፣ አብዛኞቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። አሁን የልጁን ምደባ የሚሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ክፍሉ መሆኑ ቀርቷል፤ ዩኒቨርሲቲው የትኛው ክልል እንደሆነና መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ነው። ወላጁ አልተሳሳተም። ነገር ግን እያንዳንዱ ወላጅ ልጁን ወደራሱ ወገን በሳበ ቁጥር፣ ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይፈርም፣ የቦስኒያን ግድግዳ እየገነባን ነው።

ጦርነት ባልደረሰባት አዲስ አበባ እንኳ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ምክንያት ትምህርት ቤቶች ታውከው ሰንብተዋል። ለዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁልም ገና ሲወጣ የጦፈ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር መምህሩ ክርክሩን እንዴት በክፍል ውስጥ እንደሚመራው ሳንነግረውና ሳናሠለጥነው፣ ጥበቃም ሳናደርግለት እሳቱ መሐል መተዋችን ነው። ብዙ የታሪክና የዜግነት መምህራን የመረጡት መውጫ ምዕራፉን በፍጥነት አንብቦ ማለፍ ነው። ተማሪው ግን ደወል እንደተደወለ ኪሱ ውስጥ ካለው ስልክ ሌላ መምህር ያገኛል። ያ መምህር ማስረጃ አይጠየቅም፣ ስሙም አይታወቅም።

«መጀመሪያ ጣሪያ» ለሚሉ

ልጆች ዛፍ ሥር በሚማሩበት፣ መምህር ደሞዝ በሚናፍቅበት አገር ስለ ሰላም ትምህርት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ከልብ ስለሆነ ከልብ መመለስ አለበት።

ሰላምን ለማስተማር ተብሎ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ አሳትሙ ማለቴ አይደለም። ልጆች ሰላምን የሚማሩት ጣሪያው በሚሠራበት፣ ዕድሉ በሚከፋፈልበት፣ ጥፋት በሚዳኝበት መንገድ ነው። ጥገናው የአንዱን ቀበሌ ትምህርት ቤት በቅድሚያ ሠርቶ የጎረቤቱን ያለ ምክንያት ካስቀረ፣ ከቆርቆሮው ጋር ቂም ተመቶበታል። ርዕሰ መምህሩ በዱላ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ ልጁ ጉልበት ያለው ያሸንፋል የሚለውን ትምህርት በየቀኑ በጀርባው ላይ ይማራል። የዜግነት ትምህርት መጽሐፍ ስለ መቻቻል ቢጽፍ ማን ያምነዋል?

ፈተናውም ሌላው መሸሸጊያችን ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ አስደንግጦን ሁሉም ጉልበት ወደ ፈተና ዝግጅት ዞሯል። መዞሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤትን በፈተና ውጤት ብቻ ስንመዝን ከመቶው ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነውን ምንም እንዳልሆነ ቆጥረን ከደጅ እናስወጣዋለን። ያ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ባይገባም እዚሁ አገር ይኖራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያገባል፣ ምናልባትም የጦር መሪ ወይም የሰፈር አስታራቂ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሆን የሚወስነው በትምህርት ቤት ካሳለፋቸው ዓመታት የያዘው ነገር ነው።

አሁን መደረግ ያለበት

አንደኛ፣ ጠመንጃ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ። በመንግሥት ወታደርም ሆነ በታጣቂ ቡድን የተያዘ ትምህርት ቤት ካለ ይለቀቅ፤ ዳግም ካምፕ እንዳይሆን የአካባቢው ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ከሁለቱም ወገን በየስማቸው ቃል ያስገቡ። በግጭት ቀጠና ያለ መምህር ትምህርት ቤቱን ቢከፍት በአንዱ፣ ቢዘጋው በሌላው የሚጠየቅበት ግፍ ማብቃት አለበት። ልጅ ማስተማር ለማንም ወገን መሰለፍ አይደለም። ክፍል ውስጥ ለሚኖሩ ተፈናቃዮችም ወደ ቀያቸው በሰላም የሚመለሱበት፣ እስከዚያም የሚጠለሉበት ሌላ ስፍራ ይፈለግ፤ በግፊት ማስወጣት ችግሩን ወደ ሌላ ግቢ ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ መምህሩን እናድን። በጦርነት ውስጥ የቆየው መምህር ራሱ ልጅ የሞተበት፣ ቤቱ የተዘረፈ፣ በትግራይ ደግሞ ከዓመት በላይ ያለ ደሞዝ የኖረ ሰው ነው። የራሱ ቁስል ሳይታይለት የሠላሳና የአርባ ልጆችን ቁስል አስታምም ብለን ክፍል አስገብተነዋል። ውዝፉ ይከፈለው። በየጉድኝት ማዕከሉ መምህራን ተሰብስበው የደረሰባቸውን የሚነጋገሩበት፣ የተጎዳ ልጅን የሚለዩበትንና የሚረዱበትን ዘዴ የሚማሩበት ጊዜ ይመደብ። በክፍል ውስጥ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ፣ ዝም የሚል ወይም የሚደባደብ ልጅ ባለጌ ተብሎ እንዳይገረፍ መጀመሪያ መምህሩ ምን እያየ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ዕድሜያቸው ያለፈውን ልጆች እንያዝ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ሦስተኛ ክፍል አስቀምጦ ይቆይልናል ማለት ራስን ማታለል ነው። በአገራችን «ስፒድ ስኩል» በሚል ስም የታወቀውና የሦስት ዓመት ትምህርትን በአሥር ወር የሚሸፍነው አሠራር ከአሥር ዓመት በላይ ተሞክሯል። እርሱን በጦርነት ወደተጎዱ ወረዳዎች ማስፋት፣ ለታላላቆቹም ከሙያ ሥልጠና ጋር ማያያዝ ይቻላል። ክፍል ውስጥ ቦታ ያጣ ወጣት ጫካ ውስጥ ቦታ አያጣም።

አራተኛ፣ ታሪክን አንፍራ፤ ስናስተምረውም በማስረጃ ይሁን። መምህሩ ስለ ቅርቡ ጦርነት ፍርድ እንዲሰጥ አይጠበቅም። ሁለት የተለያዩ ምስክርነቶችን አንሥቶ ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ምን አይቶ፣ ምን ሳያይ ብሎ ተማሪውን ማስጠየቅ ግን ይችላል። ይህን የለመደ ልጅ በስልኩ የሚመጣለትን ቪዲዮም እንዲሁ ይጠይቃል። በየትኛውም ወገን የሞተ ልጅ እናት እንደምታለቅስ የሚያስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ድል ከሚቆጥሩ ብዙ ገጾች ይበልጣል። ለዚህ ደግሞ መምህሩ ከክሱና ከስም ማጥፋቱ የሚጠብቀው የጽሑፍ መመሪያ በእጁ ይኑረው።

አምስተኛ፣ ልጆቹ ይገናኙ። ቆቦና አላማጣ፣ አጣዬና ከሚሴ፣ አብአላና መቀሌ ጎረቤት ከተሞች ናቸው። ገበያቸው አንድ ነበር፣ ተጋብተዋል፣ አብረው ነግደዋል፤ ደም የተፋሰሰውም በእነዚሁ መሐል ነው። ጸጥታው በፈቀደበት ሁሉ የሁለቱ ወገን ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር፣ የሳይንስ ትርኢት፣ የሚኒሚዲያ ልውውጥ ይኑራቸው። የአንድ ቀን ግብዣና የፎቶ ፕሮግራም ግን ለውጥ አያመጣም፤ ዓመቱን ሙሉ አብሮ የሚያሠራ ነገር ያስፈልጋል። ልጆቹ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ቢማሩ ደግሞ ወሬ በአስተርጓሚ መስማታቸው ይቀራል። የትግርኛ ተናጋሪው ልጅ አማርኛ፣ የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ትግርኛ ወይም አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ቢማር የሚጎዳ ማንም የለም።

ስድስተኛ፣ ጥፋት የሚዳኝበት መንገድ ይለወጥ። ሽምግልና በየአካባቢያችን ያለ ሀብት ነው፤ ልጆች ግን ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሩቅ ያያሉ እንጂ አይሳተፉም። በየክፍሉ በተማሪዎች የተመረጡ፣ ወንድና ሴት ያሉባቸው አስታራቂዎች ቢኖሩ፣ የተጣሉ ልጆች ተደማምጠው፣ ጥፋተኛው ክሶ፣ ተበዳዩ ይቅር ብሎ የሚጨርሱበት ልምድ ቢለመድ፣ ዱላው ከቢሮ ይወጣል። ይህ ብር አይጠይቅም። ርዕሰ መምህሩ እንዲያምንበት ብቻ ይጠይቃል።

በውጭ ላላችሁ ወገኖች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት ሆናችሁ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ትምህርት ቤት ለማሠራት ገንዘብ የምታዋጡ ብዙ ናችሁ። ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከገንዘቡ ጋር አንድ ጥያቄ አብራችሁ ላኩ፦ ይህ ትምህርት ቤት ማንን ያቅፋል? የጎረቤት ቀበሌውንና የሌላውን ብሔር ልጅ ያስገባል ወይስ አያስገባም? ደግሞም ማታ ማታ በቀጥታ ሥርጭት የምትናገሩትንና የምታጋሩትን በማግስቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ይዞት እንደሚገባ አትርሱ። እናንተ ከሥራ መልስ በንዴት የተናገራችሁት ቃል እርሱ ጋ ሲደርስ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍል የሚያሠራ ብር ልኮ አንድ ትውልድ የሚያፈርስ ቃል መላክ ኪሳራ ነው።

ቀጠሮ አንስጥ

የፕሪቶሪያው ቀለም ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል። በአማራ ክልልም ግጭቱ ዛሬ ቢቆም እንኳ የባከኑት ዓመታት ተመልሰው አይመጡም። በየዓመቱ በመስከረም አንድ ዙር ልጆች አንደኛ ክፍል ይገባሉ፣ በሰኔ አንድ ዙር ወጣቶች ይወጣሉ። ኮሚሽን እስኪመክር፣ ሥርዓተ ትምህርት እስኪከለስ፣ በጀት እስኪፈቀድ እያልን ባለፍናቸው ዓመታት ሁሉ የወጡት ወጣቶች ያለንን ይዘው ወጥተዋል፤ መልሰን አንጠራቸውም። ቦስኒያም፣ ሊባኖስም፣ ሰሜን አየርላንድም በተንኮል አልዘገዩም። ቀጠሮ እየሰጡ ነው የዘገዩት።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጅህን አንሣ፣ አንቺም እጅሽን አንሺ። የግንባታው መዋጮ ምን ደረሰ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ እነዚህን ጠይቁ፦ የታሪክና የዜግነት ትምህርቱ እንዴት እየተሰጠ ነው? የተጎዱ ልጆችን የሚያየው ማነው? ትምህርት አቋርጠው የቀሩት የሰፈራችን ልጆች ስማቸው ተመዝግቧል? ከጎረቤቶቻችን ትምህርት ቤት ጋር ምን አብረን እንሠራለን? መልስ ከሌለ መልሱ የሚመጣበት ቀን ይቆረጥ፤ በቃለ ጉባኤም ይያዝ። ርዕሰ መምህር ሆይ፣ ከላይ መመሪያ እስኪወርድ ሳትጠብቅ ልትጀምራቸው የምትችላቸው ነገሮች በእጅህ ናቸው፤ አስታራቂ ተማሪዎችን ማስመረጥ ነገ ጠዋት ይቻላል። የክልልና የፌዴራል ባለሥልጣናት ሆይ፣ ከጦርነት በኋላ የሚከፈት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት ዴስክ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ማንን ከማን ጋር እንደሚያስቀምጥም በሪፖርታችሁ ይግባ።

ጦርነቱን ያካሄድነው አዋቂዎች ነን። ልጆቹ አልወሰኑም፣ አልተጠየቁም፤ ዋጋውን ግን ከሁላችንም በላይ ከፍለዋል። ያለንን ቂም ቆጥረን ብናወርሳቸው ዋጋውን ዳግም ይከፍሉታል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ እጃቸው ጠመንጃ የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ይህን ማስቆሚያው ጊዜ ይህ የትምህርት ዓመት ነው፤ ለሚቀጥለው አናሳድረው።